በካፓሲተር የተሞላው ባትሪ በእርግጥ ሞልቷል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ። ከአሮጌ ዩፒኤስ ያወጣሁት 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ አለኝ። አንድ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) በ24 ቮልት አዳፕተር እሞላና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ መቀያየሪያ) ወደ ባትሪው አራግፈዋለሁ፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ። 11.8 ቮልት የነበረው ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ 12.9 ገባ። አዳፕተሩ የሚሰጠው 5.5 ዋት ነው። በተዋስኩት ኦሲሎስኮፕ (ከረንትና ቮልት ሲለዋወጥ በሚያሳይ መለኪያ) ወደ ባትሪው የሚገባውን ከረንት ስለካ ግን አርኤምኤሱ 3.6 አምፔር መጣ፤ በቮልቱ ሳባዛው 45 ዋት። ጓደኞቼ ‹ነፃ ኢነርጂ አገኘህ› እያሉኝ ነው። እውነት ከገባው በላይ እየወጣ ነው? ለስልክ ባትሪስ ይሆናል? ሪሌውም አንዳንዴ ይጣበቅብኛል፤ ለምን ይመስልዎታል?»

ምላሽ፦ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ያለኝ ቁጥር ይዘህ መምጣትህ ነው። ብዙ ሰው «ባትሪዬን በካፓሲተር ሞላሁት» ይላል፤ ስንት ማይክሮፋራድ፣ በስንት ቮልት፣ በሰከንድ ስንቴ ስትለው ግን ዝም ነው። አንተ ሁሉንም ስለሰጠኸኝ በራስህ ቁጥር እመልስልሃለሁ። አዳፕተርህ በየምቱ (ካፓሲተሩ ተሞልቶ በተራገፈ ቁጥር) ሳይወርድ 24 ቮልት እንደያዘ አድርጌ ነው የማሰላው።

መጥፎውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህ። ባትሪህ አልሞላም። ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው የገባለት።

ለጊዜው ቮልቱን እንተወውና ኩሎም እንቁጠር። አንድ አምፔር ለአንድ ሰከንድ ከፈሰሰ አንድ ኩሎም አለፈ ማለት ነው። 7 አምፔር ሰዓት ደግሞ 7 አምፔር ለ3,600 ሰከንድ ነው፤ 25,200 ኩሎም። ባዶ የሆነ የአንተ ዓይነት ባትሪ እስኪሞላ የሚውጠው ይህን ያህል ነው። እንዲያውም ትንሽ ይጨምራል፤ በተለይ መጨረሻው አካባቢ ከሚገባው ጥቂቱ ውሃውን ወደ ጋዝ በመለወጥ ይባክናል።

ካፓሲተርህ 0.01 ፋራድ ነው። 24 ቮልት ሞልቶ ከባትሪው ጋር ሲገናኝ እስከ 12.6 ገደማ ይወርድና ይቆማል። ከዚያ በታች አይራገፍም፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማን ማንን ይገፋል? የወረደው 11.4 ቮልት ነው። በ0.01 ስታባዛው 0.114 ኩሎም። ባትሪው በአንድ ምት የሚያገኘው ይህችኑ ነው።

እስቲ 25,200ን ለ0.114 አካፍል። 221,000 ምት ገደማ ይመጣል። በሰከንድ ሁለት ከሆነ ወደ 31 ሰዓት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል ግን ያላንዳች እረፍት አንድ ቀን ከሰባት ሰዓት መሄድ አለበት። በአንዱ ሰዓት ውስጥ የሰጠኸው 7,200 ምት ነው። ሲሰላ 821 ኩሎም፣ በሌላ አነጋገር 0.23 አምፔር ሰዓት። ከመቶ ሦስት ያልኩህ ከዚህ ተነስቼ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ባትሪ» የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የካፓሲተር ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የላይደን ጠርሙሶችን ደርድሮ አንድ ላይ ሲያያይዛቸው ድርድሩን ባትሪ ብሎ ጠራው። የላይደን ጠርሙስ የዚያን ዘመን ካፓሲተር ነው። የሊድ አሲዱ ባትሪ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ሠራው። ስሙን ወረሰ እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው። ካፓሲተር ቻርጁን በፕሌቶቹ ፊት ላይ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ባትሪ ግን ቁሱን ራሱን ይለውጣል። ቁስ ለመለወጥ ደግሞ ጊዜ ይጠይቃል።

የ12.9 ቮልቱም ምስጢር እዚሁ ላይ ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲራገፍ ሁለቱም ፕሌቶች ወደ ሊድ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ አሲዱም ይቀጥናል። ስትሞላው አንደኛው ወደ ሊድ፣ ሌላኛው ወደ ሊድ ዳይኦክሳይድ ይመለሳል፤ ሰልፈሪክ አሲድም ይለቀቃል። የሚለቀቀው ግን የት ነው? ፕሌቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ። መጀመሪያ የሚወፍረው እዚያው ያለው አሲድ ነው። ከፕሌቱ ራቅ ብሎ መሀል ላይ ያለው ገና ወሬውም አልደረሰውም። ቮልቴጁን የሚወስነው ደግሞ ፕሌቱን የነካው አሲድ ነው። ስኳር ጨምረህ ያላማሰልከውን ብርጭቆ ከሥሩ በቀጭን ቱቦ ብትስበው ሁሉም የጣፈጠ ይመስልሃል። መልቲሜትርህም የሚቀምሰው ከሥሩ ነው።

ባለሙያዎች ይህን «የላይ ላይ ቻርጅ» ይሉታል። በየትኛውም ቻርጀር ይመጣል። ለማረጋገጥ ባትሪውን ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት ላይ ስትለካው 12 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ብታገኘው አትደናገጥ። በደንብ የሞላ የዚህ ዓይነት ድፍን (ውሃ የማይጨመርበት) ባትሪ አድሮም 12.8 ገደማ ይላል።

አሁን ወደ 45 ዋቱ። ይህ ብዙ ጎበዝ ሰው ያሳተ ነገር ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ካፓሲተሩ ሲራገፍ ከረንቱ ወጥ ሆኖ አይፈስም። የሽቦው፣ የሪሌው፣ የካፓሲተሩና የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.1 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ካንተ 3.6 አምፔር ተነስቼ ወደ ኋላ ሳሰላው የሚመጣው እሱ ነው። በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚፈሰው 11.4 ለ0.1፣ ማለትም 114 አምፔር ነው! በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ ወደ 42 ይወርዳል። በአምስት ሚሊሰከንድ አልቋል ማለት ይቻላል። እስከ ቀጣዩ ምት ያለው 495 ሚሊሰከንድ ጭር ያለ ነው።

አርኤምኤስ ሲሰላ መጀመሪያ ከረንቱ በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል፤ መጨረሻ ላይ ስኩዌር ሩቱ ይወጣል። 114 በ114 ወደ 13,000 ነው። ያቺ አጭር ጫፍ ስሌቱን በሙሉ ወደ ራሷ ትጎትተዋለች። 3.6 አምፔሩ የመጣው እንዲህ ነው። ኦሲሎስኮፑ አልዋሸህም። የነገረህ ግን ስለ ሙቀት ነው። ሽቦህና ካፓሲተርህ ስንት እንደሚሞቁ ማወቅ ከፈለግክ ትክክለኛው ቁጥር አርኤምኤስ ነው። የባትሪው ኬሚስትሪ ግን ኩሎም እንጂ ጫፍ አይቆጥርም። ለእሱ የሚያስፈልገው አማካይ ከረንት ነው።

አማካዩ ስንት ነው? በሰከንድ ሁለት ምት፣ እያንዳንዱ 0.114 ኩሎም፤ 0.228 አምፔር። በ12.6 ቮልት 2.9 ዋት ገደማ ይሆናል። ከአዳፕተሩ የሚወጣውም ያው 0.228 አምፔር ነው፤ በ24 ስታባዛው 5.5 ዋት። ይህ አንተም የለካኸው ነው፤ እሱን ልክ አግኝተኸዋል። እንግዲህ ከገባው በላይ መውጣቱ ቀርቶ ግማሹ ሊሆን ምንም ያህል ያልቀረው መንገድ ላይ ቀልጧል።

ለጓደኞችህ ደግሞ ከሂሳብ የሚቀል መልስ አለ። እውነት 45 ዋት ቢገባ ኖሮ ባትሪው በሁለት ሰዓት ሞልቶ መፍላት ይጀምር ነበር። በሁለት ሰዓት ይሞላ እንደሆነ አምፖል ይንገራቸው። ወደ አምፖሉ እመለሳለሁ።

በኢንተርኔት የምታያቸው ብዙዎቹ ማሽኖች የአሜሪካዊውን የጆን ቤዲኒን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። ከረንት የያዘ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) በድንገት ሲቋረጥ ቮልቴጁ ሽቅብ ይዘላል። እሱን በካፓሲተር ያጠራቅሙና ባትሪ ላይ ያራግፉታል። ዝላዩ እውነተኛ ነው፤ በየቀኑ በምንጠቀምባቸው የስልክ ቻርጀሮች ውስጥም ሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ኮይሉ ውስጥ አስቀድሞ ካልገባ የሚወጣ የለም። «ከገባው በላይ ወጣ» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሲመረመር ወይ እንዳንተ አርኤምኤስ ነው፣ ወይ ሳያርፍ የተለካ ቮልት ነው።

የጠፋውስ 2.6 ዋት የት ገባ? እኩል በእኩል ሁለት ቦታ ላይ ነው የቀረው። ካፓሲተሩ ከአዳፕተሩ ሲሞላ 0.65 ጁል ይቃጠላል። ባትሪው ላይ ሲራገፍ ሌላ 0.65 ጁል። ብዙ ሰው «ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ወፍራም ላድርግ» ይላል። አይጠቅምም። ሽቦውን ስታወፍር ጫፉ ያድጋል፣ ጊዜው ያጥራል፣ የሚቃጠለው ግን ያው ነው። ሬዚስታንሱ የሚወስነው ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው እንጂ ምን ያህል እንደሚሆን አይደለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ለማመን ወረቀት ላይ ሦስቴ ሠርቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ ትንሽ የሚያናድድ ነገር ልንገርህ። ካፓሲተርህን፣ ሪሌህን፣ ሪሌውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰርኪዩት ሁሉ አንሳና በቦታው አንድ 50 ኦም ሬዚስተር አስገባ። በአዳፕተሩና በባትሪው መሀል፣ በቃ። የሚፈሰው 11.4 ለ50 ነው። 0.228 አምፔር! ልክ እንደ ቅድሙ። ሬዚስተሩ ላይ የሚቃጠለው 2.6 ዋት ነው፤ እሱም ልክ እንደ ቅድሙ። በአጋጣሚ አይደለም። በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ የሚሞላና የሚራገፍ ካፓሲተር ከውጭ ለሚያየው እንደ ሬዚስተር ነው። ልኩም አንድ ለድግግሞሽ ሲባዛ በካፓሲታንስ ነው፤ አንድ ለ(2 ሲባዛ በ0.01)፣ 50 ኦም። በሌላ አነጋገር፣ ያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ የሚል መሣሪያህ ድምፅ ያለው ሬዚስተር ነው።

አትቀየመኝ። እኔም አንዱን ሠርቼ ወር ሙሉ ኮርቼበታለሁ።

ሪሌው ለምን እንደሚጣበቅ ሳትገምት አትቀርም። ላዩ ላይ 10 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ሪሌ በቀን 170,000 ጊዜ ያህል 114 አምፔር ይበላል። የሪሌው ምላስ ሲዘጋ በአንዴ አያርፍም፤ ነጥሮ ነጥሮ ነው የሚቀመጠው። በእያንዳንዱ ንጥረት ላይ ብልጭታ ይነሳል፤ ብልጭታው የብረቱን ጫፍ ያቀልጠዋል። ከዚያ ተጭኖ ሲቀዘቅዝ ብየዳ ሆነ ማለት ነው።

የእኔን ሪሌ ሽፋኑን ከፍቼ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። አዲስ ሳለ እንደ መስተዋት የነበረው ነጥብ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። አንደኛው ላይ ጉድጓድ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ላይ ደግሞ ጉድጓዱን የምታክል ጉብታ። ብረቱ ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ ሰፍሯል። በጥፍሬ ስገፋው «ጠቅ» ብሎ ለቀቀ። እኔ በሁለት የተለያዩ ሪሌዎች ነበር የሠራሁት፤ አንዱ ከአዳፕተሩ፣ አንዱ ወደ ባትሪው። አንድ ሌሊት ሁለቱም ተጣበቁ። ሲነጋ አዳፕተሩ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ተያይዞ አገኘሁት። ባትሪው ጎኑ አብጦ ነበር፤ ክፍሉም የሚያቃጥል ሽታ ሸትቷል። እንዳንተ አንድ ሪሌ፣ ካፓሲተሩን ከወዲያ ወዲህ የሚያመላልሰው፣ ከሁለቱ ይሻላል። እሱም ቢሆን ብልጭታው ሁለቱን ጎኖች ለቅጽበት ሊያገናኛቸው ይችላል። ተኝተህ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ሌላም የባሰ ችግር አለ። ይህ አሠራር መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ለ12 ቮልት ድፍን ሊድ አሲድ ባትሪ የመሙያው ጣሪያ 14.4 እስከ 14.7 ቮልት ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ 13.5 እስከ 13.8። ባትሪህ 14.4 ሲደርስ ካፓሲተርህ አሁንም 24 ቮልት ይዞ ይመጣል፤ 0.19 አምፔር ማስገባቱን ይቀጥላል። ጋዙ ይወጣል፣ አሲዱ ይደርቃል። ድፍን ስለሆነ ውሃ ልትጨምርለት አትችልም።

«ታዲያ ካፓሲተር ለዚህ ሥራ ጭራሽ አይረባም?» እንዳትለኝ። ይረባል። ሁለት መንገድ ላሳይህ።

የመጀመሪያው ኮይል ማስገባት ነው። በካፓሲተሩና በባትሪው መሀል አንድ ኮይልና አንድ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አድርግ። የቮልቱ ልዩነት አሁን ሽቦ ማሞቁን ትቶ ኮይሉ ውስጥ ጉልበት ሆኖ ይጠራቀማል። ካፓሲተሩ 12.6 ላይ ሲደርስ ከረንቱ አይቆምም፤ ኮይሉ ጀምሬያለሁና አላቆምም ብሎ ይጎትተዋል። ካፓሲተሩ ከባትሪው በታች ይወርዳል። ምንም ብክነት ባይኖር እስከ 1.2 ቮልት ድረስ! በአንድ ምት የሚገባው 0.228 ኩሎም ይሆናል፤ እጥፍ። በእውነተኛ ዕቃ ዳዮዱም ኮይሉም የራሳቸውን ይቆርጣሉ። የኮይሉን ልክ 10 ሚሊሄንሪ ብታደርገው ጫፉ ከ114 ወደ 11 አምፔር ገደማ ይወርዳል፤ ምቱም ወደ 31 ሚሊሰከንድ ይረዝማል። ይህን ያህል ከረንት ሳይጠግብ የሚችል ኮይል ግን ትልቅና ከባድ ነው። ሰዎች ይህን ሲያዩ ነው ትንሽ ኮይል ይዘው ድግግሞሹን በሰከንድ ወደ ብዙ ሺህ ያሳደጉት። ባክ ኮንቨርተር የምንለው፣ ቮልት ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ የዚህ ዘመድ ነው። በብዙ ደህና የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ ያምረኛል፤ ኮይል የለውም። ሁለት እኩል ካፓሲተር ያዝ። ሲሞሉ በሲሪየስ (ተከታትለው)፣ ሲራገፉ በፓራለል (ጎን ለጎን)። ምንጩ 28 ቮልት ቢሆን እያንዳንዳቸው 14 ይይዛሉ። ፓራለል ሆነው 12.6 ካለው ባትሪ ጋር ሲገናኙ ልዩነቱ 1.4 ቮልት ብቻ ነው። የሚቃጠለውም በዚያው ልክ ያንሳል። ምንጩ አንድ ኩሎም ሲሰጥ ባትሪው ሁለት ኩሎም ያገኛል። «ይኸው ነፃ ኢነርጂ!» እንዳትል፤ ቮልቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሲሰላ ከመቶ 90ው ባትሪው ዘንድ ይደርሳል። ያንተ የአሁኑ 52 ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ባትሪው 14 ሲደርስ ፍሰቱ በራሱ ይቆማል፤ ምክንያቱም ካፓሲተሮቹ ራሳቸው ከ14 አያልፉም። ምንጩ 28 ላይ የረጋ መሆን አለበት እንጂ ጥሩ የተማሪ ፕሮጀክት ይወጣዋል። በሪሌ ግን አትሞክረው። ምቱ ትንሽ ስለሆነ በሰከንድ ሃያ ጊዜ ያህል ያስፈልግሃል፤ ሞስፌት (የሚንቀሳቀስ ምላስ የሌለው የኤሌክትሮኒክ መቀያየሪያ) ተጠቀም። ሁለት 10,000 ማይክሮፋራድ በሰከንድ ሃያ ጊዜ 0.56 አምፔር ይሰጡሃል። 7 አምፔር ሰዓት ላለው ባትሪ የሚስማማ ልክ ነው። በፍጥነት ቻርጅ የሚያደርጉ ብዙ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥም ይኸው ሐሳብ አለ፤ ድግግሞሹ በጣም ከፍ ብሎ፣ ካፓሲተሮቹ የሩዝ ፍሬ አክለው።

የሶላር ፓነል ምንጭ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፓነል ከረንቱን ራሱ ይገድባል፤ ስለዚህ ካፓሲተር ሲሞላበት ያ የመጀመሪያው 0.65 ጁል በዚያ መልክ አይባክንም። በጣም ጥቃቅን ምንጮችን፣ ለምሳሌ ክፍል ውስጥ ያለች ትንሽ ፓነልን፣ በካፓሲተር አጠራቅሞ ሲበቃ መጠቀም የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ግን መቆጣጠሪያ ያለው ኮንቨርተር መሆን አለበት፤ በቀጥታ የሚራገፍ ምት አይደለም።

የሞተ ባትሪ በምት ይነቃል ስለሚባለው ሳትጠይቀኝም አንድ ቃል ልበል። ባዶ ሆኖ የከረመ ሊድ አሲድ ባትሪ ላይ ሰልፌቱ ጠጥሮ ትልልቅ ክሪስታል ይሆናል፤ ከረንት እንደ ልብ አይቀበልም። ሰው ምት ይሰጠዋል፣ ባትሪው ትንሽ ይነቃል፣ «ምቱ ሰበረው» ይባላል። በዝቅተኛ ከረንት ለረጅም ሰዓት ብቻ ብትሞላውም ግን በከፊል ሊነቃ ይችላል። የትኛው እንዳነቃው ለማወቅ ሁለት እኩል የተጎዱ ባትሪዎች ይዘህ አንዱን በምት፣ አንዱን በዝግታ መሞከር ነው። እስካሁን «ምት አነቃልኝ» ካሉኝ ሰዎች ሁለት ባትሪ ይዞ የመጣ የለም።

የስልክ ባትሪውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። አታድርገው። ሊቲየም አዮን ሴል ብዙውን ጊዜ ጣሪያው 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ የሚፈቀደው ዝንፈት 0.05 ቮልት ገደማ ብቻ። ሊድ አሲድ ትርፉን ወደ ጋዝ ለውጦ ይተነፍሳል። ሊቲየም እንዲህ ዓይነት መተንፈሻ የለውም። አላግባብ ሲሞላ ሊቲየም ብረት ፕሌቱ ላይ ይጋገራል። ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል፤ ከዚያ እሳት ነው። መከላከያ ሰሌዳ አለው ብለህም አትተማመን። እሱ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ነው እንጂ በሰከንድ ሁለቴ እንዲመታ አልተሠራም። ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ተጠቀም።

ካፓሲተሩን ራሱንም አትናቀው። 24 ቮልት ላይ ሰው አይገድልም፤ ጫፎቹ ላይ የወደቀ ጠመንጃ መፍቻን ግን ይበላል፤ ቀለበት ወይም የብረት ሰዓት ካለህ አውልቅ። ስትጨርስ በ100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አራግፈው፤ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ መልቲሜትር አድርግበትና ትንሽ ጠብቅ። ዜሮ ካለ በኋላ ራሱ ቀስ እያለ ጥቂት ሲወጣ ታየዋለህ። ውስጡ ያለው መለያ የደበቀው ቻርጅ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ሬዚስተሩን እንዳለ ተወው። ፖሉን ከገለበጥክበት ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ከካሜራ ፍላሽ የሚወጡ 300 ቮልት የሚይዙትን፣ ከፓወር ሰፕላይ የሚወጡ 400 ቮልት የሚችሉትን ግን ለጊዜው አትንካቸው። 470 ማይክሮፋራድ በ400 ቮልት ወደ 38 ጁል ነው፤ ከእሱ ጋር ቀልድ የለም።

አምፖሉ ቀረ። ቃሌን ልጠብቅ። 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል ፈልግ፤ 0.4 አምፔር ገደማ ይበላል። መጀመሪያ ባትሪውን በአምፖሉ አራግፈው፤ አምፖሉ እየበራ ቮልቱ 11 ሲደርስ አቁም። ከዚያ በካፓሲተርህ 8 ሰዓት ሙላው፤ አጠገቡ ሆነህ። 2 ሰዓት አሳርፈው። እንደገና በአምፖሉ አራግፈውና 11 እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደበራ ጻፍ። በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም ድገም፤ ካፓሲተሩን በ50 ኦም ሬዚስተር ተካው። 5 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይሁን፤ 1 አምፔር ፊውዝም አስገባ። 47 ኦም ካገኘህ ግን ከረንቱ ትንሽ ስለሚበልጥ ሰዓቱን ወደ ሰባት ተኩል አውርደው። በሦስተኛው ቀን ካፓሲተር፣ በአራተኛው ሬዚስተር። እያፈራረቅክ የምትሠራው ባትሪው ራሱ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ነው።

ባትሪው ደህና ከሆነ አምፖሉ በሁለቱም አራት ሰዓት ገደማ ይበራል ብዬ እጠብቃለሁ። በካፓሲተሩ ቀን ብዙ ብልጫ ካገኘህ መጀመሪያ በሁለቱም ቀን አዳፕተሩ 24 ቮልት ይዞ እንደዋለ፣ ክፍሉም እኩል ይሞቅ እንደነበር እይ። ሪሌውን ሳትቀይር ግን እንዳትጀምር። ውጤቱን ስትልክልኝ የአራቱንም ቀን ደቂቃ ላክ፤ ያላማረህንም ጭምር።